ማን ቀድሞ ይቀመጥ

ደሴ ላይ ጠዋት የሚሰማ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልም የመስጊድ አዛንም ያልሆነ አንድ ድምፅ አለ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ከሰልጣኞች ፎቅ መስኮቶች ሁሉ እኩል ይወጣል። «ጠንካራ ጎኔ ታታሪነቴ ነው፤ ደካማ ጎኔ የጀመርኩትን ሳልጨርስ እንቅልፍ አለመተኛቴ ነው» ይላል ፎቁ በሙሉ በአንድ አፍ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ድምፁን ለጥቂት ጊዜ አፍኖ ይይዝና ወደ ፒያሳ ይለቀዋል። እንግዳ ቢሰማው ይደነግጥ ይሆናል፤ ግን እንግዳ ወደ ደሴ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ትርሲት ይህን ድምፅ የምትሰማው ደረጃውን ስትወርድ፣ ወደ ሥራ ስትሄድ ነው። «ሥራ» የሚለውን ቃል እዚያ ደረጃ ላይ አፏን ሞልታ አታወጣውም፤ በጾመኛ ፊት ሥጋ እንደ መጉረስ ነው። ሌላው የፎቁ ነዋሪ በሙሉ ሰልጣኝ ነው። ወንዶቹ ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች ሽርጥ፤ ካሜራው ከደረት በታች አያይማ። ሴቶቹም ከላይ ባንክ ቤት ናቸው፣ ከታች ጓዳ።

«ምን ላይ ደረስሽ?» ይላታል ያገኛት ሁሉ። ሰላምታ ነው። «እንዴት አደርሽ» ማለት የቀረው እሷ ልጅ ሳለች ነው።

«ደህና። እናንተስ ምን ላይ ደረሳችሁ?»

«ራስን መግለጽ፣ ክፍል አራት።»

«አይዞን።»

እሷም በውሃ ምህንድስና ተመርቃ ስምንት ዓመት እንዲሁ ስትል ኖራለች። አምና ግን ተመለሰች። «ሥራ ያዘች» አይባልም፤ «ተመለሰች» ነው የሚባለው። የት ሄዳ እንደነበር የጠየቃት የለም። የተመለሰችው የመመለሻ ማዕከል ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የተሰጣት ሥራም ሥራ ለሌላቸው ምሩቃን የኦንላይን ስልጠና መንደፍ ነው። እንግዲህ በከተማው ሥራ ያለው ሰው ወይ ሥራ የሌለውን ያሰለጥናል፣ ወይ የሚያሰለጥነውን ይቆጣጠራል። ዳቦውን ማን እንደሚጋግር፣ ቧንቧውን ማን እንደሚጠግን ትርሲት ድሮ ትጠይቅ ነበር። አሁን ዳቦው ጠዋት በር ላይ ይገኛል፤ ቧንቧውም አያፈስም። የማያፈስ ቧንቧ ባለበት አገር ደግሞ ስለ ቧንቧ የሚጠይቅ ሰው ነገረኛ ነው።

የትርሲት ድርሻ የመጨረሻው ክፍል ነበር፤ ሰልጣኙ ከአሠሪ ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጥበት። ይህን ያለፈ ይመለሳል። ሌሎቹ ነዳፊዎች ከአምናው ቀድተው የዘንድሮ ቀን ይለጥፋሉ። እሷ ግን ክብር አላት፤ ከባዶ ጀመረች። አሠሪ ሆኖ የሚጠይቀው፣ በኮምፒውተር የተሠራው የሷ አሰልጣኝ እንደ ሌሎቹ ስክሪኑ ላይ እንደ ጅን ብቅ አይልም። በር አለው። መጀመሪያ ኮቴ ይሰማል፤ ቀጥሎ እጀታው ይዞራል፤ በሩ ሲጥጥ ይላል፤ ከዚያ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ግርማ ያለው ሰው ይገባል። ገምጋሚዎቹ ሰውየውን አይተው ዝም አሉ፤ በሩን ሲያዩ ግን አጨበጨቡ።

ጋሽ ልሳነወርቅ በዚያ በር ምክንያት ሁለት ጊዜ ወደቁ።

ጋሽ ልሳነወርቅ ከትርሲት በላይ ያለው ወለል ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በኢኮኖሚክስ የተመረቁ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰው ናቸው፤ ከተመረቁበት ጊዜ ጀምሮ ሲሰለጥኑ ኖረዋል። ሰርተፍኬቶቻቸው ግድግዳውን ጨርሰው ኮርኒሱ ላይ ወጥተዋል። ትርሲት ለመመለስ የተፈተነች ዕለት ኮሪደሩ ላይ ቆመው «እባካችሁ ልጅቷን አትረብሿት» እያሉ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ሲለምኑ የዋሉት እሳቸው ናቸው። መመለሷ ሲነገራትም ከሷ በፊት እልል ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ወንድ እልል አይልም ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ሦስት ጊዜ የወደቀ ወደ ማረፊያ ይሄዳል። ማረፊያ ቆላ ውስጥ ነው ይባላል። አውቶቡሱ ንጹሕ ነው፤ የታሸገ ውሃ ይሰጣል። የሄዱት ሰላምታ ይልካሉ። የሁሉም ሰላምታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እረፍት ላይ ነኝ፣ አየሩ ሞቃት ነው።» ከዚያ መጥቶ ያወራ ግን የለም።

ሁለተኛውን መውደቃቸውን እንደሰማች ትርሲት መሥሪያ ቤት ገብታ የፈተናቸውን የቪዲዮ ቅጂ ከፈተች። ቡናማ ከረባታቸውን አስረው፣ ጸጉራቸውን በውሃ አስተኝተው ቁጭ ብለዋል። ኮቴ ተሰማ። እጀታው ዞረ። በሩ ሲጥጥ አለ። ጋሽ ልሳነወርቅ ብድግ አሉ። ስክሪኑ ላይ የቀረው ቀበቶና ሽርጥ ነው።

«ኖር!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ወዲያው ጽሑፉ ወጣ፤ «ሰልጣኙ ተነስቶ ሄዷል። ክፍሉ ተዘግቷል።»

ሌላ የወደቀ ሰው ቅጂ ከፈተች፤ ሆድ። ሌላ ከፈተች፤ ሆድና የኮት ቁልፍ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑትን በሙሉ አወጣቻቸው። ሆድ ነው፣ ሆድ ነው፣ አንዷ ሴትዮ ጋ ደግሞ የሽሮ እድፍ ያለበት ቀሚስ። ማንም ተነስቶ አልሄደም። ሁሉም በየቤታቸው፣ ለሌለ ሰው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆመው ነበር። ተቀመጡ እስኪባሉ እየጠበቁ ነው የተዘጋባቸው።

ትርሲት ወደ ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ሉባባ ቢሮ ገባች። ወይዘሮ ሉባባ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ልጣጩን ሳይበጥሱ መጨረስ ይወዳሉ፤ እስኪጨርሱም ሰው አያዩም።

«ሽማግሌዎቹ የሚወድቁት ለምን እንደሆነ አገኘሁት» አለች ትርሲት።

«ስለሸመገሉ ነው።»

«አሰልጣኙ በር ከፍቶ ሲገባ ይነሱለታል። ካሜራው ሄዱ ብሎ ይዘጋባቸዋል።»

«ታዲያ ቁጭ አይሉም?»

«ሰው ገባ ብለው ነዋ።»

«ሰው አልገባማ።» ልጣጩ እየረዘመ ጠረጴዛው ላይ ተጠመጠመ። «ወጣቶቹ ይነሳሉ?»

«አይነሱም። የት የተማሩትን!»

«እንግዲያው ክፍልሽ ምንም አልሆነ።»

«በሩን ላንሳው።»

ወይዘሮ ሉባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «በሩን! በሩን ብለሽ አይደለም እንዴ ገምጋሚ ፊት ምራቅሽን ስትረጪ የዋልሽው? ስሚኝ የኔ ቆንጆ፤ ሽማግሌ መውደቁ ታቅዷል። ቦታ ተይዞለታል። አንቺ ሁሉንም ካሳለፍሽ አውቶቡሱን ማን ሊሳፈረው ነው?»

እንደ ቀልድ አላሉትም፤ እንደ ክፋትም አላሉትም። የልጣጩ ጫፍ ተላቀቀ፤ ሳይበጠስ። ግማሹን ብርቱካን ለትርሲት ዘረጉላት። «እንኪ፣ ብዪ። በወር አንድ ጥቃቅን ማስተካከያ ይፈቀድልሻል፤ የከረባት ቀለም፣ አቀማመጥ ምናምን። ከዚያ ካለፈ ክፍሉ እንደገና ይገመገማል፤ እንደገና ከተገመገመ ደግሞ አንቺም እንደገና ትሰለጥኛለሽ።»

ትርሲት ብርቱካኑን በላች። ጣፋጭ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሽ ልሳነወርቅ ወጣች። በሩን ገፋ ስታደርገው እሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ሆነው ካልሲ ይሰፉ ነበር፤ መርፌውን እንደያዙ ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«ይኸው! ጋሼ፣ ይቺን ነው የምልዎት! ይቺ ነች የጣለችዎት!»

የሆነውን ነገረቻቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው መርፌውን ካልሲው ላይ ሰኩት።

«ታዲያ ሰው ሲገባ ተዘፍዝፌ ልጠብቀው?»

«ሰው አይደለም እኮ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ማን ሠራው አላልኩሽም። ሽበት አለው የለውም?»

«ሽበቱንም እኔ ነኝ ያደረግኩለት።»

«የኔንም ሽበት ያደረገው ሌላ ነው፤ ራሴ አላበቀልኩትም። ስለዚህ አትነሱልኝ ልበል?»

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ዓርብ ነው። ዓርብ ከተነሱ አውቶቡሱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንለማመድ። እኔ እገባለሁ፤ እርስዎ ቁጭ ይላሉ። በቃ።»

ወጣች። ኮቴዋን አሰምታ መጣች። እጀታውን አዞረች። ጋሽ ልሳነወርቅ የወንበሩን ክንድ ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ግን ቆሙ። እንደገና ወጣች፤ እንደገና ቆሙ። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ በሩ ሲጥጥ ሲል ዞረው ቆሙ። በመጨረሻ ራሳቸው ቀበቶ አምጥተው «እሰሪኝ» አሏት። ከወንበሩ ጋር ከወገባቸው ጠፍራ አሰረቻቸውና ወጣች። ስትመለስ ወንበሩን እንዳዘሉ ጎንበስ ብለው ቆመዋል።

«ኖር» አሉ፤ ድምፃቸው ከወንበሩ ሥር ነው የመጣው።

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እሳቸው ከነወንበሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ እሷም ቀበቶውን ፈታችላቸው።

«ልጄ፣ ጭንቅላቴ ገብቶታል» አሉ ቆይተው። «ጉልበቴ ነው አልሰማ ያለኝ። አባቴ ጉልበቴን ነው በአርጩሜ ያስተማረው፤ ጭንቅላቴን ለመምህራኑ ትቶላቸው ነበር።»

«ተዉ እንጂ ጋሼ።»

«ማረፊያ ልሂዳ። አየሩ ሞቃት ነው አሉ። ለወገቤ ይሻለኛል።»

«ማን ነው ያለው?»

«የሄዱት ናቸዋ» አሉና ካልሲያቸውን አነሱ። መርፌውን ለረጅም ጊዜ ፈለጉት፤ ሰክተው የተውት እዚያው ካልሲው ላይ ነበር።

ሰኞ ትርሲት የአሰልጣኙን ፊት ከፍታ አፍጥጣ ዋለች። ሽማግሌውን ከመነሳት መከልከል ካልተቻለ፣ የሚያስነሳውን አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ይገባ የነበረው ተቀምጦ ይጠብቅ፤ ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረው ይግባ። ሰልጣኙ ከመነሻው ቆሞ ከጀመረ ካሜራው ቁመቱን ይይዝለታል፤ ሄደ አይልም። በሩም በሩ ነው፤ ማንም አልነካው። ማስተካከያ የሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «አሰልጣኙ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰልጣኙ በበሩ ሲገባ ተነስቶ ይቀበላል። ሰልጣኙን ሳያስቀምጥ አይቀመጥም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመረችው አሰልጣኙ ጨዋ እንዲሆን ብላ ነው። ደስ አላት። ወይዘሮ ሉባባ አላነበቡትም፤ «አቀማመጥ» የሚለውን ብቻ አይተው አሳለፉት።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ልሳነወርቅ ሱሪም ለበሱ። ትርሲት ካሜራው የማያያት ጥግ፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እሳቸው በክፍሉ መሀል ቆመው እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ። ስክሪኑ ላይ በር መጣ፤ በራሱ ተከፈተ። ከውስጥ ባለ ሽበቱ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ነበር። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«ኖር!» አለ።

የጋሽ ልሳነወርቅ ፊት እንደ ልጅ በራ። «በእግዜር! በእግዜር! ኧረ አይነሱ!»

«ይቀመጡ።»

«እርስዎ ይቀመጡ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«አይሆንም። እርስዎ ቆመው እኔ?»

«እንግዳው እርስዎ ነዎት።»

«ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። በሞቴ ይቀመጡ።»

«በእኔ ሞት» አለ የማይሞተው።

ትርሲት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ አልጻፈችም። አሰልጣኙ እንግዳውን ሳያስቀምጥ አይቀመጥም፤ እንግዳው ደግሞ ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው። ሌላ አገር ቢሆን አንዱ ይቀመጥና ነገሩ ያልቅ ነበር። እዚህ ግን አሰልጣኙ አንደበቱን የተማረው ከወሎ ሰው ጨዋታ ነው፤ ልመና አያልቅበትም።

«ሲቆሙ እያየሁ ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል?» አለ።

«እኔንስ ምን ይለኛል?»

«በልጅዎ ይሁንብዎ።»

«ልጅ የለኝም።»

«እንግዲያው በወንድምነት ይሁንብዎ።»

«አይ… አይ ወንድሜ» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ፤ «ከተመረቅኩ ጀምሮ የተነሳልኝ ሰው የለም እኮ። እንደ ቆምን እንቆይ። ምን ቸገረን?»

«ይቀመጡ» አለ አሰልጣኙ በዚያው ርኅራኄ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

እንዲሁ እንዳሉ የክፍሉ ሰዓት አለቀ። ስለ ጠንካራ ጎን የጠየቀ የለም፤ ስለ ደካማም። አንድም ነገር አልተጠየቀም። ስክሪኑ ነጭ ሆነና ጽሑፉ መጣ፤ «ተሳትፎ፦ ሙሉ። የዓይን ለዓይን ግንኙነት፦ ሙሉ። መግባባት፦ እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ። ሰልጣኙ ተመልሷል።»

«ጨዋ ሰው ነው» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፤ አሁንም ቆመው። «ምን አለኝ መጨረሻ ላይ?»

«አልፈዋል ጋሼ።»

«አለፍኩ?»

«ተመለሱ።»

አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጡ። እልል ይላሉ ብላ ጠበቀች። ሁለት እጃቸውን ሱሪያቸው ጉልበት ላይ አሳርፈው ኮርኒሱን፣ ሰርተፍኬቶቹን ያያሉ።

«ከዚህ በኋላ ምንድን ነው የሚደረገው?» አሏት።

እሷም አታውቅም ነበር። «ጠዋት ተነስቶ መሄድ ነው» አለቻቸው።

ወሩ ሳያልቅ የትርሲት ማስተካከያ በሁሉም ክፍል ገባ። ወይዘሮ ሉባባ ስሟን በስብሰባ ላይ ጠሩ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ከፎቁ መስኮቶች የሚወጣው ድምፅ ተለወጠ፤ «እርስዎ ይቀመጡ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ በሞቴ» የሚል፣ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ነገር ሆነ። ከሃምሳ በላይ የሆኑት ማለፍ ጀመሩ። አውቶቡሱ ግን ባዶውን አልሄደም። ወጣቶቹ «ይቀመጡ» ሲባሉ አመስግነው ይቀመጡ ነበርና «መግባባት፦ አነስተኛ» እየተባሉ ይወድቁ ጀመር። ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች የታሸገ ውሃቸውን ይዘው በአውቶቡሱ መስኮት ሲያዩ ትርሲት ከቢሮዋ ታያቸዋለች። አንድ ጊዜ ወደ ወይዘሮ ሉባባ ቢሮ ልትሄድ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ የብርቱካን ሽታ ሸተታት። ምን እንደሚሏት ታውቀዋለች። ተመለሰች።

ጋሽ ልሳነወርቅ የተመደቡት እዚያው ማዕከሉ ውስጥ ነው። ገምጋሚዎቹ የተሠራው አሰልጣኝ አነሳሱ ሐሰት ነው ብለው ነበር፤ ጉልበቱ ሲነሳ አይሰማም። የጋሽ ልሳነወርቅ ግን ቋ ይላል። የክብር አሰልጣኝ አሏቸው። ምድር ቤት አንድ ክፍል ተሰጣቸው፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ፊት ለፊት ስክሪን። ሰልጣኝ በገባ ቁጥር እሳቸው ይነሳሉ። ኖር ይላሉ። ይለምናሉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ይቀመጣሉ፤ ወዲያው በሩ ይከፈታል።

ምሳ ቤት አንድ ቀን አብረው ተቀመጡ።

«ሥራ እንዴት ነው ጋሼ?»

«ሥራ ነው።» ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረውታል፤ ጨርቁ በሱሪው በኩል ያብጣል። «መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን አይ ነበር። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ… አንዱ የሐይቅ ልጅ ነው፣ በአነጋገሩ ለየሁት።»

«አሁንስ?»

«አሁን በሩን ነው የማየው።» ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ጥሩ በር ነው። አንቺ ነሽ አይደል የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ነው» አሉ እንደገና፤ ደወሉም ጠራቸው።

በዚያው ክረምት ሁለተኛ ወለል የሚኖር ይመር የሚባል ሰው ሞተ። ራስን መግለጽ በሚለው ክፍል ላይ፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው የሞተው። ካሜራው ከወንበሩ ስላልተነቃነቀ «ሙሉ ተገኝነት፣ የተረጋጋ አቀማመጥ» ብሎ ጽፎለታል። ጎረቤት ያወቀው በማግሥቱ ጠዋት ከሱ መስኮት ድምፅ ሲጠፋ ነው። ሰዎች ይህን ሲያወሩ «ቢያንስ አልወደቀም» አሉ።

እሁድ ለቅሶ ቤቱ ሞላ። ወንበር ከየቤቱ መጥቶ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል። ጋሽ ልሳነወርቅ ጥግ ይዘው ጉልበታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ንፍሮ በእፍኛቸው አለ። በዙሪያቸው ያሉት ወጣቶች ሁሉ በሳምንቱ ውስጥ እሳቸው ፊት ቆመው የለመኑ ናቸው፤ በአክብሮት ሰረቅ አድርገው ያይዋቸዋል። ትርሲት ከፊት ለፊታቸው ነበረች።

የይመር አክስት ከወረኢሉ ገጠር መጡ። ዓይናቸው ከፈዘዘ የቆየ፣ ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት ናቸው። በትራቸው ደፉን ፈለገ፣ አገኘ፣ ቋ ቋ አደረገው። ሰዒድ የሚባለው የይመር ጎረቤት ተነስቶ የጋሽ ልሳነወርቅን ክንድ ነካ አደረገ።

«ጋሼ፣ አክስትየው ገቡ።»

«አየኋቸው።»

«ታዲያ?»

ጋሽ ልሳነወርቅ ንፍሮውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ኀፍረትም አልነበረም።

«ዛሬ የእረፍት ቀኔ ነው» አሉ።

ጮክ ብለው አይደለም፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። ከወንበራቸው ግማሽ ድረስ ቀና ያሉት ወጣቶች ወደሳቸው አዩ። የክብር አሰልጣኙ ካልተነሱ እነሱ ማን ናቸው? አንዱ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ሌላው። ሰዒድ ብቻውን ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ፤ ኮቱን አስተካከለና እሱም ተቀመጠ። ትርሲት ከወገቧ ቀና ብላ ነበር። ጋሽ ልሳነወርቅን አየች፤ በሩን አየች። ቀሚሷን ከኋላ ሰብስባ ወንበሩ ላይ ተመለሰች።

አሮጊቷ ደፉ ላይ ቆመው ትንሽ ጠበቁ፤ ጆሯቸውን ወደ ቤቱ አዘንብለው። ወንበር ሲንኳኳ፣ ልብስ ሲንኮሻኮሽ የለመዱትን ያህል አልተሰማቸውም። ቢሆንም ግራ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው መዳፋቸውን ወደ ሰዉ ዘረጉ፤ ዝቅ ዝቅ አደረጉት።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ። «አትነሱ ልጆቼ፤ ተቀመጡ።»